«ስልኬ በእኔ ላይ ሞተ» ለምን አይባልም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚሁ የተወለደ የ12 ዓመት ልጅ አለኝ። አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራልም፤ አነጋገሩ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል። «ለእሷ ጠበቅኩ» ይላል፣ «በእሱ ሳቅኩ» ይላል፣ ትናንት ደግሞ «ስልኬ በእኔ ላይ ሞተ» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። እንዲህ አይባልም ስለው «ለምን?» ብሎ ያፋጥጠኛል። ለምኑን እኔም አላውቀውም። ሕጉ ምንድን ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ልጅሽን አመስግኚልኝ። «ለምን?» ብሎ የሚያፋጥጥ ልጅ ቋንቋ አይጠፋበትም።

ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች አማርኛ የለበሱ እንግሊዝኛ ናቸው። በሆዱ «አይ ዌይትድ ፎር ኸር» ብሎ ነው «ለእሷ ጠበቅኩ» ያለሽ። በሆዱ «ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ» ብሎ ነው ስልኩን እላዩ ላይ የገደለው።

እስቲ «ዌይትድ»ን እዪው። እኔም ብጠብቅ፣ አንቺም ብትጠብቂ፣ እነሱም ቢጠብቁ ያው «ዌይትድ» ነው። የእንግሊዝኛ ግስ በኃላፊ ጊዜ ሥራው ማለፉን ይነግርሻል እንጂ ማን እንደሠራው አይነግርሽም። ስለዚህ ጠባቂው ከፊት ራሱን ችሎ መቆም አለበት፣ የተጠበቀችው ከኋላ ትቆማለች፣ በመሃል ደግሞ «ፎር» የምትባል መስተዋድድ ትሰነቀራለች። አራት ቃል። አማርኛ «ጠበቅኳት» ብሎ ይገላገላል። ጠባቂዋ አንቺ፣ የተጠበቀችው እሷ፣ ሁለታችሁም ግሱ ውስጥ ናችሁ።

(በነገራችን ላይ «ጠበኳት» ብላችሁ የምትጽፉ ሰዎች፣ «ቅ»ን የት ጣላችኋት? ቃሉ ከ«ጠበቀ» ነው የመጣው። «ጠበቅኋት»ም «ጠበቅኳት»ም ያስኬዳል፤ ቅን መብላት ግን አያስኬድም።)

«ጠበቀ» ደግሞ «ለ» አይፈልግም። እንግሊዝኛው መስተዋድድ ጎትቶ ስለመጣ የእኛውም መጎተት የለበትም። «ሊስንድ ቱ ሂም» የሚለው በእኛ «አዳመጥኩት» ነው፣ «ሉክድ ፎር ኢት» ደግሞ «ፈለግኩት»። «ቱ»ም «ፎር»ም ድራሻቸው ጠፋ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፤ ነገሩ የታወቀ ካልሆነ ግሱ ላይ ምንም አንቀጥልም። «ታክሲ ጠበቅኩ» ትያለሽ፣ የትኛው እንደሆነ ሲታወቅ ግን «ታክሲውን ጠበቅኩት»።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። አማርኛ ሁለት መስተዋድዶችን ከነተውላጠ ስማቸው ግሱ ውስጥ ያስገባል፤ «ለ» እና «በ»። ልኝ፣ ልህ፣ ልሽ፣ ለት፣ ላት አንድ ወገን ናቸው፤ ብኝ፣ ብህ፣ ብሽ፣ በት፣ ባት ሌላ ወገን። ሲነገሩ ይጠብቃሉ፤ ፊደላችን ማጥበቂያ ስለሌለው ልጅሽ አንብቦ አያገኘውም፣ ከአፍሽ ነው የሚሰማው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ዝም ብለው አይጨመሩም። ነገሩ ለማን እንደጠቀመና ማንን እንደጎዳ ይናገራሉ። ዳኛው ፈረደለት፣ ዳኛው ፈረደበት። ጎረቤት መሰከረለት፣ ጎረቤት መሰከረበት። ልጅቷ ሳቀችለት ማለትና ሳቀችበት ማለት ለአንድ ጎረምሳ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ለዚህ ነው «በእሱ ሳቅኩ» የማይሆነው፤ «ሳቅኩበት» ነው።

የበለጠ የሚደንቀኝ ሰው የሌለበት ነገር ላይ እንኳ ወገን መያዛችን ነው። ዝናብ ዘነበ። ዘር ዘርቶ ሰማይ ሰማይ ሲያይ የሰነበተ ገበሬ «ዘነበልን» ይላል፤ ልብስ አጥባ ገመድ ላይ ያሰጣች ጎረቤቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዝናብ «ዘነበብኝ» ትላለች። አከራይ ጨመረብኝ፣ አሠሪ ጨመረልኝ። ሥራው ያላለቀለት ሰው «መሸብኝ» ሲል፣ ከሥራ ለመውጣት ሰዓት የሚቆጥር ደግሞ «ተመስገን፣ መሸልኝ» ይላል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣለት እንላለን፤ «ወጣበት» ያልሽ እንደሆነ ሰው ደንግጦ «ምን ዕጣ?» ይልሻል።

እውነት ለመናገር እንግሊዝኛም ይህ ነገር አለው፤ «ዳይድ ኦን ሚ» ማለት ሞተብኝ፣ «ዳይድ ፎር ሚ» ማለት ሞተልኝ ነው። ልጅሽ ስሜቱን በትክክል ይዞታል። የሳተው «ኦን»ን «ላይ» ብሎ መፍታቱ ጋ ነው። «ላይ» ለፍርድና ለምስክርነት ይሆናል፣ «በእኔ ላይ መሰከረ» ጥሩ አማርኛ ነው። ስልክ በእኔ ላይ ሞተ ሲባል ግን ስልኩ ደረቴ ላይ ወጥቶ ነፍሱ የወጣች ይመስላል።

«በት» ግን ጉዳት ብቻ አይምሰልሽ። የቆረጥኩበት ቢላዋ፣ የተኛሁበት አልጋ፤ እዚህ መሣሪያና ቦታ ነው። አልፎ አልፎ ጉዳቱና ቦታው ይገናኛሉ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ፋይል አስገብቼ ስመላለስ ከረምኩና የሰፈር ሰው ሲጠይቀኝ «ተኙበት» አልኩት። ፍራሽ አላደረጉትም፤ ቢያደርጉት እንኳ አንድ ጥቅም ነበረው።

የ«በት» ሥራ የበዛው ሌሎቹ መስተዋድዶች ግሱ ውስጥ መግባት ስለማይችሉ ነው። «መጣሁከት» የሚባል ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? «ሄድኩወደት»ስ? ስለዚህ የ«ከ»ንም የ«ወደ»ንም ሥራ «በት» ደርቦ ይሠራል። «የመጣሁበት ታክሲ» ተሳፍረሽ የመጣሽበት ነው። «የመጣሁበት አገር» መነሻሽ ነው። «የመጣሁበት ጉዳይ» ምክንያትሽ ነው። «የሄድኩበት አገር» ደግሞ መድረሻሽ። እንግሊዝኛ ለታክሲው «ኢን»፣ ለመነሻው «ፍሮም»፣ ለጉዳዩ «ፎር»፣ ለመድረሻው «ቱ» እያለ ይቀያይራል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያንጠለጥላታል፣ «ዘ ካንትሪ አይ ኬም ፍሮም» እንዲል። እኛ ጋ ሁሉም በት ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ከአጠገቡ ያለው ቃል ይፈርዳል። «የመጣሁ አገር» የሚሉ የዳያስፖራ ልጆች አጋጥመውኛል፤ የወደቀችው ይቺው በት ናት።

ሌላው፣ ግሱ እንደ ሞተር ሳይክል ነው። ነጂው አለ፣ ከኋላ አንድ ሰው ይፈናጠጣል፤ ሦስተኛ ቦታ የለም። መጀመሪያ ላይ «ልጅሽን አመስግኚልኝ» ብዬሻለሁ። የሚመሰገነው እሱ ነው፣ የተፈናጠጥኩት ግን እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እሱ «ልጅሽን» ተብሎ ውጭ ቀረ። «አመስግኚውልኝ» አይባልም። «ደብዳቤውን ለእናቴ ሰጠሽልኝ?» የሚለውም ያው ነው፣ እናቴ ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች።

ልጅሽ ሁልጊዜ ተሳስቷል አትበይው። «ለእሷ» ብሎ ለይቶ ማውጣት የሚያምርበት ቦታ አለ፤ «የገዛሁት ለእሷ ነው፣ ለአንተ አይደለም» ሲባል ለምሳሌ። ግእዝም ቢሆን ለብቻው ያቆመዋል። «ሎቱ ስብሐት» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፣ ለእርሱ ምስጋና ይሁን ማለት ነው። ሎቱ ለእርሱ፣ ላቲ ለእርሷ፣ ቦቱ በእርሱ፣ ባቲ በእርሷ። ከእኛ ለት፣ ላት፣ በት፣ ባት ጋር ጎን ለጎን አድርጊያቸው፤ ዝምድናቸው ከፊታቸው ያስታውቃል።

ሕጉን እንዲሸመድድ አታስጨንቂው። እራት ላይ «ለት ነው በት?» እያልሽ አጫውቺው። ቡናው ፈሰሰ። ለማን? በማን? ትምህርት ቤት ተዘጋ። ተዘጋልህ ወይስ ተዘጋብህ? ስልኩን በተመለከተ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ «ባትሪ ዘጋብኝ» ነው የሚለው፣ እንደዚያ ይበል። አንድ ቀን ደጋግመሽ ደውለሽለት ሳያነሳ ቀርቶ፣ ማታ ሲመጣ አምልጦት «ስልኬ ዘጋልኝ» ካለሽ ግን አማርኛውን ችሎታል፤ ስልኩ ግን አልዘጋበትም።