መልስ፦ ሜታኖል ብቻ የነካው ዲስክም ባክቴሪያ ገደለብኝ ላልከው

ወንድሜ፣ የዳማከሴን ቅጠል በሜታኖል ዘፍዝፈህ ጭማቂውን ያስነካኸው ዲስክ (ትንሽ የወረቀት ቁራጭ) ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ከልክሎ፣ ሜታኖል ብቻ ያስነካኸውም ያንኑ ክብ (ባክቴሪያ ያላደገበትን ዙሪያ) ካሳየህ ስለ ቅጠሉ ገና ምንም አላወቅክም። ሜታኖል የአልኮል ዓይነት ነው፤ ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል። ዲስኮቹን አጋሩ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ጄሊ መሰል ምግብ) ላይ ከማስቀመጥህ በፊት ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ እስኪተን አድርቃቸውና ድገመው፤ ሜታኖል ብቻ የነካው ዲስክ ክብ መጥፋት አለበት።

ቅጠሉንስ ፀሐይ ላይ ነው ያሰጣኸው? ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ዘይት ቶሎ ይበናል፤ ጥላ ውስጥ አድርቀው። እናቶቻችን ለምች እርጥቡን አሽተው ነው የሚያሸትቱን፣ ስለዚህ የእርጥቡን ጭማቂም ጎን ለጎን ብትፈትሽ ጥሩ ነው።

የክቡን ስፋት ጄንታሚሲን ከተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር አወዳድሮ «ከመድኃኒቱ ይበልጣል» ማለቱን ግን ተወው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክቡ የሚያሳየው የመግደል አቅምን ብቻ ሳይሆን ንጥረ ነገሩ አጋሩ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰራጭም ጭምር ነው፤ ዘይታማ ነገር ደግሞ ውሃማ አጋር ውስጥ በደንብ አይሄድም። ጄንታሚሲኑ የሚጠቅምህ ሙከራው በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ ነው።

አቅሙን ማወቅ ከፈለግክ ጭማቂውን ባክቴሪያ በሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ ውስጥ በየደረጃው በግማሽ እያቀጠንክ፣ ባክቴሪያውን ጨምረህ በ37 ዲግሪ ከ18 እስከ 24 ሰዓት አቆየው። የቅጠሉ አረንጓዴነት ባክቴሪያው ሲያድግ የሚያመጣውን ድፍርስ ይሸፍንብሃል፤ መጨረሻ ላይ ሬሳዙሪን የተባለውን ቀለም ጠብ አድርግበትና ጥቂት ሰዓት ጠብቅ። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ባክቴሪያው አላደገም፣ ሮዝ ከሆነ አድጓል። ሦስት ሦስት ጊዜ መድገሙን አትርሳ፤ ባክቴሪያው ያላደገበትን ዝቅተኛ መጠን ስታገኝ እዚሁ ጻፍልን።