የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በንጉሡ ስም በመንግሥቱ ላይ የተነሡ

በዚህ እትም በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ነገሥታት መንግሥት ላይ ስለተነሡ የሕዝብ አመጾች የቀረቡልንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከጥቁሩ ሞት በኋላ በእንግሊዝ አገር ሠራተኛ ስላነሰ ደመወዝ ጨምሮ እንደነበር ይነገራል። ታዲያ ከአያቱ የተሻለ የሚኖር ሰው በ1381 ለምን አመጸ?

መልስ፦ የተሻለውን ኑሮ በሕግ ሊነጥቁት ስለተነሡ ነው። ቸነፈሩ በ1348 ገብቶ ከሕዝቡ ቢያንስ ሲሶውን ጨረሰ። የተረፈው ሠራተኛ ዋጋው ቢወደድም ፓርላማው በ1351 ባወጣው የሠራተኞች ሕግ ደመወዝ ከቸነፈሩ በፊት ወደነበረበት እንዲመለስ አዘዘ። ድርቆሽ ለሚሰበስብ በቀን 1 ፔኒ (የእንግሊዝ ሳንቲም፣ ሲበዛ ፔንስ)፣ የግጦሽ ሣር ለሚያጭድ 5 ፔንስ፣ እህል ለሚያጭድ ደግሞ በኦገስት የመጀመሪያ ሳምንት 2፣ በሁለተኛው 3 ፔንስ ተቆረጠ። ሕጉን እንዲያስፈጽሙ የተሾሙት ዳኞች በአብዛኛው ራሳቸው አሠሪዎቹ ባለርስቶች ነበሩ፤ ቂሙ የተጠነሰሰው እዚህ ላይ ነው።

እሳቱን የለኮሰው ግን የነፍስ ወከፍ ግብሩ ነው። ከፈረንሳይ ጋር የሚደረገው ጦርነት ገንዘብ ስለጨረሰ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጣለ። በ1377 ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ 4 ፔንስ ከፈለ። በ1379 እንደ ማዕረጉ ከፍና ዝቅ አለ። በ1380 መጨረሻ ኖርዝሃምፕተን ላይ የተሰበሰበው ፓርላማ ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ሁሉ ላይ 12 ፔንስ ጣለ።

የዚህ የመጨረሻው ግብር ጉድለት በአሰላሉ ውስጥ ነበር። ሒሳቡ የሚሠራው በመንደር ነው፤ የነዋሪው ቁጥር በ12 ፔንስ ይባዛና ድምሩን መንደሩ ይከፋፈለዋል፣ ሀብታሙም ድኻውን ያግዛል ተባለ። ባላባት በሚኖርበት መንደር ይህ ያስኬዳል። ሀብታም በሌለበት መንደር ግን የሚያግዝ ስለሌለ ድኻው ሙሉውን 12 ፔንስ ይከፍላል፤ ሚስት ካለችው 24። በሕጉ ዋጋ ሲሰላ ይህ 24 ፔንስ ለአንድ እህል አጫጅ ከሳምንት በላይ የሚሠራበት ደመወዝ ነው። ሕዝቡም ራሱን ከቆጠራው ደበቀ። በ1377 ወደ 1,360,000 የነበረው የከፋዮች ቁጥር በ1381 ወደ 900,000 ወረደ። ከዝርዝሩ በብዛት የጠፉት ያላገቡ ሴቶችና ለብቻቸው የማይኖሩ ዘመዶች ናቸው። መንግሥቱ ቆጠራውን እንደገና የሚመረምሩ ሹማምንት ላከ። ሜይ 30 ቀን 1381 ከለንደን በስተምሥራቅ ባለው በኤሴክስ አውራጃ፣ ብሬንትውድ ላይ ጆን ባምፕተን የተባለው ሹም የፎቢንግ መንደርን ሰዎች ሲጠራ፣ ከፍለን ደረሰኝ ይዘናል፣ አንዲት ፔኒ አንጨምርም አሉት። ሊያስራቸው ሲል አባረሩት።

ጥያቄ፦ ያለ ጦር አዛዥና ያለ መልእክት መሣሪያ እንዴት በሁለት ሳምንት ለንደን ደረሱ?

መልስ፦ ድርጅቱ ቀድሞም ነበር፤ የዘረጋውም መንግሥቱ ራሱ ነው። በ1285 የወጣው የዊንቸስተር ሕግ ከ15 እስከ 60 ዓመት ያለው ወንድ ሁሉ እንደ አቅሙ መሣሪያ እንዲይዝ፣ የድረሱልኝ ጩኸት ሲሰማም ወጥቶ ወንጀለኛን እንዲያሳድድ ያስገድድ ነበር። እያንዳንዱ መንደር ኮንስታብል (ጸጥታ አስከባሪ)፣ በችሎት የሚቀመጡ ሽማግሌዎችና መሣሪያ የያዙ ወንዶች ነበሩት። በ1381 የተነሣው ይኸው መዋቅር ነው፤ ከመሪዎቹም ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ሥራ የያዙ እንጂ መድረሻ የሌላቸው ድኾች አልነበሩም።

ከለንደን በስተደቡብ ምሥራቅ ባለው በኬንት አውራጃ ጁን 6 የሮቸስተር ግንብ ተያዘ። በማግሥቱ ሜይድስቶን ላይ ዋት ታይለር መሪ ሆነ። ጁን 10 ካንተርበሪ ገቡ፤ ከዚያ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ጁን 12 ለንደን አጠገብ ብላክሂዝ ሰፈሩ። አንድ የዘመኑ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ ከባሕር 12 ሊግ (የቆየ የርቀት መለኪያ) በማይርቅ ቦታ የሚኖር ሰው እንዳይከተላቸው፣ ፈረንሳዮች እንዳይወርዱ ዳርቻውን እንዲጠብቅ አዘዙ። አገር እናድናለን ብለው እንጂ ለዘረፋ አለመውጣታቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አናውቅም። በማግሥቱ የለንደን ሰዎች የከተማዋን ድልድይና በር ከፈቱላቸው።

በየመንገዱ ያቃጠሉት በዋናነት መዝገብ ነው። ገበሬው ገባር መሆኑ፣ ስንት ቀን የጌታውን መሬት በነጻ እንደሚያርስ፣ ሴት ልጁን ሲድር ምን እንደሚከፍል የሚረጋገጠው በጌታው ችሎት መዝገብ ነበር። መዝገቡ ከነደደ ጌታው ማስረጃ አይኖረውም። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ በአንድ ወር ሁሉንም መዝገብ መድረስ ግን አይቻልም፣ የተቃጠለውንም ብዙዎቹ ጌቶች በምስክር ቃል አጻፉት። ለንደን ውስጥ ግን ግድያም ነበር፤ የፍላንደርስ ስደተኞች ያለ ምንም በደል ታረዱ። ይህን መሸፋፈን ተገቢ አይደለም።

ጥያቄ፦ ንጉሡ እጃቸው ላይ ነበር። ለምን አልነኩትም?

መልስ፦ ንጉሡን አልጠሉትም። የይለፍ ቃላቸው «ከማን ጋር ነህ?» ሲባል «ከንጉሥ ሪቻርድና ከእውነተኛው ሕዝብ ጋር» የሚል ነበር። ዳግማዊ ሪቻርድ ገና 14 ዓመቱ ነው፤ ክፋቱ ሁሉ ከአማካሪዎቹ እንደሚመጣ አመኑ። ጁን 14 ማይል ኤንድ ላይ ገባርነት እንዲቀር፣ የመሬት ኪራይም በኤከር (የመሬት ስፋት መለኪያ) 4 ፔንስ እንዲሆን ሲጠይቁት እሺ አለ፤ 30 የሚያህሉ ጸሐፊዎች የነጻነት ደብዳቤ ሲጽፉ ዋሉ። በዚያው ቀን ሌሎች ወደ ለንደን ግንብ ገብተው የካንተርበሪውን ሊቀ ጳጳስና ቻንስለር (የንጉሡ ማኅተም ጠባቂ ሹም) ሳይመን ሰድበሪን፣ የግምጃ ቤቱንም ሹም ሮበርት ሄልስን ራስ ቆረጡ።

ኃይላቸው የተከፈለው እዚህ ላይ ይመስለናል። የኤሴክስ ሰዎች ዋና ጥያቄ ገባርነት ስለነበር ደብዳቤያቸውን ይዘው ወደየቤታቸው መሄድ ጀመሩ። ኬንት ውስጥ ግን ገባርነት እምብዛም ስላልነበረ ደብዳቤው የኬንቱን ሰው አላረካውም፤ ተጨማሪ ሊጠይቅ ቆየ። በማግሥቱ ስሚዝፊልድ ላይ የለንደን ከንቲባ ዊልያም ዋልዎርዝ ታይለርን ወግቶ ጣለው። ልጁ ንጉሥ ብቻውን ወደ ሕዝቡ ጋልቦ መሪያችሁ እኔ ነኝ፣ ተከተሉኝ አላቸው። ተከተሉት።

ጥያቄ፦ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው እንዴት ተሻረባቸው?

መልስ፦ ደብዳቤው የቆመው በንጉሡ ቃል ብቻ ነበር። ጦር ከተሰበሰበ በኋላ ጁላይ 2 ንጉሡ ሻረው። በኖቬምበር ፓርላማው ሽረቱን ሲያጸድቅ የሰጠው ምክንያት፣ ገባር የጌታው ንብረት ስለሆነ ንጉሡ ያለ ጌታው ፈቃድ ነጻ ሊያወጣው አይችልም የሚል ነው። ከአመጸኞቹ ጋር የነበረው ሰባኪ ቄስ ጆን ቦል ጁላይ 15 ሴይንት ኦልባንስ ላይ ተሰቀለ።

በ1450 የኬንትን ሕዝብ የመራው ጃክ ኬድ የወደቀውም በወረቀት ነው። ኖርማንዲ ከእንግሊዝ እጅ በወጣበት ዓመት ተነሥቶ፣ አቤቱታውን ጽፎ፣ ለንደን ገብቶ የግምጃ ቤቱን ሹም ሎርድ ሴይን አስገደለ። ከለንደን ድልድይ ጦርነት በኋላ ምሕረት ሲሰጥ የእሱ የተጻፈው ጆን ሞርቲመር በሚለው የትግል ስሙ ነበር። እውነተኛ ስሙ ሲታወቅ ምሕረቱ ዋጋ አጣ፤ ጁላይ 12 ተይዞ በቁስሉ በመንገድ ሞተ።

ጥያቄ፦ የፈረንሳዩ የ1358 «ዣክሪ» የተባለው የገበሬዎች አመጽስ?

መልስ፦ እሱ በዋናነት በባላባቱ ላይ የተነሣ ነው፤ ንጉሡ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ምርኮኛ ነበር። በንጉሡ ግብር ላይ የተነሡት በ1382 የሩዋንና የፓሪስ ከተሞች ናቸው፤ የፓሪስ ሰዎች የከተማውን የእርሳስ መዶሻዎች ዘርፈው ግብር ሰብሳቢዎቹን ስላሳደዱባቸው «ባለ መዶሻዎቹ» ተባሉ።

ጥያቄ፦ ያሸነፈ አንድ እንኳ የለም?

መልስ፦ አለ፤ የካታሎኒያ (በዛሬዋ ስፔን) ገባሮች። ከ1462 ጀምሮ ተዋግተው፣ መጀመሪያ ከንጉሡ ጎን በባላባቶቹ ላይ ተሰልፈው፣ በ1484 እንደገና ተነሡ። መሪያቸው ፔሬ ዡዋን ሳላ በ1485 ቢገደልም ንጉሥ ፈርዲናንድ ነገሩ በጉልበት እንደማይበርድ አየ። ኤፕሪል 21 ቀን 1486 ጓዳሉፔ ላይ በሰጠው ፍርድ «ክፉ ልማዶች» የሚባሉት የገባሩ ግዴታዎች በአንድ የእርሻ ይዞታ 60 ሱ (የዘመኑ ገንዘብ) ካሳ እየተከፈለ ቀሩ። ከእንግሊዙ የሚለየው ካሳ መኖሩ ነው፤ ጌታው ገንዘብ ስለተቆረጠለት የንብረቴ ተወሰደ ክርክር መሠረት አጣ፣ ፍርዱም ጸና። ገበሬው መሬቱን እንደያዘ ቀረ፤ ለጌታው ኪራይ መክፈሉን ግን አላቆመም። በዚያው ንጉሥ ሥር የነበረችው የካታሎኒያ ጎረቤት አራጎን ግን ይህ ፍርድ አልደረሳትም፤ እዚያ ጌቶቹ በገባሮቻቸው ላይ የነበራቸው ሥልጣን ቀጠለ።