መልስ፦ ሲጂ 125 ሞተርሳይክሌ ሚኒሞ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይጠፋብኛል
ወንድሜ ነዳጅ ስትሰጠው ደህና እየሄደ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጠው ሲሰራ) ብቻ ፓ ፓ እያለ የሚጠፋ ከሆነ ፒስተን ምናምን የሚሉህን ለጊዜው አትስማቸው፣ ሞተር ለማስወረድ አትቸኩል። አምስት ወር ቆሞ ነበር ብለሃል አይደል? በቃ እሱ ነው። ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል፣ ትንሿ ጅግለር (ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ ያላት ቡሎን) ደሞ ቀዳዳዋ በጣም ቀጭን ስለሆነ መጀመሪያ የምትደፈነው እሷ ናት፣ ሚኒሞ ላይ ሞተሩን የምትመግበውም እሷው። ትልቋ ጅግለር ክፍት ስለሆነች ነው ፍጥነት ላይ ምንም የማይለው።

ትንሿን ፈተህ በካርቡራተር ማጠቢያ እጠባት፣ በኮምፕረሰር አስነፋት፣ ወደ ብርሃን አድርገህ ክብ ቀዳዳ እስክታይ ድረስ። ሽቦ ግን እንዳትከትባት በናትህ! እኔ በሽቦ ጠርጌ አስፍቻት ሞተሯ ቤንዚን ስትጠጣ ከርማ መጨረሻ ላይ አዲስ ገዛሁ። የአየር ቡሎኗን (ሚኒሞ ላይ ድብልቁን የምታስተካክለውን) ከመፍታትህ በፊት ቀስ ብለህ አጥብቃትና ስንት ዙር እንደገባች ቁጠር፣ ስትመልስ ከዛው ጀምር።

ቾክ (አየር የሚቀንሰውን) ስስብ ይሻለዋል ያልከው ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፣ ስለዚህ በካርቡራተሩና በሞተሩ መሀል ያለውን ጎማም እይ፣ ተሰንጥቆ አየር ይስብ ይሆናል። ሞተሩ እየሰራ ትንሽ ውሃ ረጨት አድርግበት፣ ድምፁ ከተቀየረ አገኘኸው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ የቫልቭ ክፍተት አስለካ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ የሁለቱም ቫልቭ 0.08 ሚሊሜትር ነው። ካንዴላውንም (ብልጭታ የሚሰጠውን) ፍታና ጫፉ ጥቁር ይሁን ነጭ ንገረኝ።