ለደሴና ለኮምቦልቻ ጀማሪ መምህራን፦ ድካማችሁ ከየት ይመጣል?

ውድ ልጆቼ፣

ፒያሳ ላይ ሳገኛችሁ የምትነግሩኝ ነገር አንድ ዓይነት እየሆነ መጣ። እንቅልፍ እምቢ ብሏችኋል። እሁድ ማታ ሲደርስ ይጨንቃችኋል። ከዚያ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ምናልባት ለዚህ ሙያ አልሆንም መሰለኝ» ትላላችሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አልቀበላችሁም። ዕድሜዬን ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝና አድምጡኝ።

ብዙ ሰው የመምህር ጭንቀት ከተማሪ ረብሻ የሚመጣ ይመስለዋል። ረብሻ አለ። ነገር ግን ሙያውን ጥለው የሄዱ ባልደረቦቼን ሳስብ፣ በረብሻ ብቻ የሄደ አንድም ሰው ትዝ አይለኝም። ያንገሸገሻቸው በእጃቸው ባልሆነ ነገር መጠየቅ ነው። ሮበርት ካራሴክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1979 በፈረንጆቹ ይህንኑ ጽፏል። ሰውን የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም። ሥራው እየበዛ፣ ሠራተኛው ግን በሥራው ላይ የመወሰን ነፃነት ሲያጣ ነው ጉዳቱ የሚከፋው። መምህር ይህንን በደንብ ያውቀዋል። የክፍሉን ብዛት አይወስንም፣ መጽሐፉ መቼ እንደሚደርስ አይወስንም፣ የፈተናው ውጤት ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። መመሪያው ለሁለተኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ይላል። እናንተ 60 ይዛችኋል እንበል፣ ከዚያም የሚበልጥ ያላችሁ አላችሁ። አምስት ክፍል ብታስተምሩ 300 ተማሪ ነው። ተከታታይ ምዘና ስጡ ትባላላችሁ። አንድን ወረቀት በአምስት ደቂቃ ብታርሙ ለ300ው 25 ሰዓት ይፈጃል። ይህ ለአንድ ፈተና ብቻ ነው። የትምህርት ዕቅዱ፣ ማርክ ሊስቱ፣ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያው ፋይል፣ ለሱፐርቫይዘር የሚቀርበው ሪፖርት ገና አልተነካም። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለ60 ልጅ ሲካፈል ለአንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። በ1966 በፈረንጆቹ ዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ መምህራን ባወጡት የጋራ ምክረ ሐሳብ ላይ፣ የክፍል ብዛት መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ትኩረት እንዲሰጥ የሚያስችል ይሁን የሚል አለ። መስከረም 25 የመምህራን ቀን የሚከበረው በዚያ ሰነድ ምክንያት ነው። እና ልጆቼ፣ 25 ሰዓቱን ከእንቅልፋችሁ ላይ ስትወስዱ ከርማችሁ ብትደክሙ ሰነፎች አይደላችሁም።

ውጤትን በተመለከተ ደግሞ የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተናን አስታውሱ። በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ጣት ወደ መምህር ተቀሰረ። እነዚያ ልጆች በ2012 በኮሮና ቤት ከርመዋል። የኛዎቹ ደግሞ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶባቸዋል። ትምህርት ቤት የተፈናቃይ መጠለያ ሆኗል፣ ቤተ ሙከራ ተዘርፏል። መምህሩ ድርሻ የለውም አልልም፣ አለው። ሁሉን ብቻውን እንዲሸከም ሲደረግ ግን አልስማማም።

አሁን ሰው በግልጽ ወደማያወራው ልምጣ። ማርክ። ደሴ ሰው ከሰው የተዋወቀባት ከተማ ናት። የተማሪው አባት የእናትህ ጎረቤት ነው፤ አጎቷ በለቅሶ ቤት አጠገብሽ ይቀመጣል። «እባክህ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ጨምርላት» ይባላል። ይሉኝታ አለ፣ ዝምድና አለ። ኩረጃ ከልክሎ ከግቢ ውጭ የተዛተበት ወጣት መምህር አውቃለሁ። ጨምሮ የሰጠ ደግሞ ሌላ ሕመም አለበት፤ የለፋውን ልጅ ዓይን ማየት ያቅተዋል። እኔን የጠቀመኝ አንድ ደንብ ነበር። ማርክን በተመለከተ ከትምህርት ቤት ውጭ ከማንም ጋር አልነጋገርም፤ «ነገ ቢሮ ይምጡና ወረቀቷን አብረን እንየው» ብቻ እላለሁ። ብዙዎቹ አይመጡም። የመጡት ደግሞ ወረቀቱን ሲያዩ ይረጋጋሉ። ይህን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩት፣ በኋላ መጀመር ይከብዳል።

የኑሮ ውድነቱን እናንተው ታውቁታላችሁ። ደሴ ተከራይቶ ኮምቦልቻ የሚያስተምር መምህር በክረምት ጉም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወርድና ሲወጣ ገንዘቡም ጉልበቱም መንገድ ላይ ያልቃል። ደመወዙ ይስተካከል ማለት ስግብግብነት አይደለም።

«መምህር እንደ ሻማ እየቀለጠ ያበራል» የሚለውን ምስጋና አልወደውም። አትቅለጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በፈረንጆቹ በሥራ ምክንያት የሚመጣ መዛልን ሲገልጽ ሦስት ምልክት አስቀምጧል። አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ፣ «ምንም አልረባም» ማለት። ሁለተኛውን አጥብቃችሁ ተከታተሉት። የተማሪያችሁ ስም ሲጠራ ምንም የማይሰማችሁ ከሆነ፣ ስታፍ ውስጥ ልጆቹን መስደብ ከለመዳችሁ፣ ክፉ ሆናችሁ ሳይሆን ዝላችሁ ነው። እንዲህ ሆኖ ከሰነበተ ሐኪም አማክሩ። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አለ፣ መሄድ ነውር የለውም።

ሌላው በእጃችሁ ያለ ነገር ነው። ደብተር ሁሉን በአንድ ጊዜ አታርሙ፤ በሳምንት ሁለት ረድፍ ያዙ፣ ወር ሳይሞላ ሁሉም ይዳረሳል። ከአንድ ዲፓርትመንት ሦስት አራት ሆናችሁ ዕቅድና የፈተና ጥያቄ ተካፍላችሁ አዘጋጁ። ቤታቸው የፈረሰባቸውን፣ ወላጅ ያጡትን ልጆች ታሪክ ብቻችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት አትግቡ። ቡና ላይ ለምታምኑት ባልደረባ ንገሩ፤ «አብሽር» የሚል ሰው በወሎ አይጠፋም።

ርዕሰ መምህራችሁ ጋ ስትገቡም በጅምላ «ሥራ በዛብኝ» አትበሉ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ግቡ። ይህን ያህል ክፍል፣ ይህን ያህል ተማሪ፣ ለእርማት ይህን ያህል ሰዓት። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ሁለት ቦታ የሚሞላው ሪፖርት አንድ ይሁንልኝ፣ ወይም የክፍል ኃላፊነቱ ዘንድሮ ለሌላ ይሰጥልኝ። እምቢ ካለም ወረቀቱ በእጃችሁ ነው። ለወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ይዛችሁት ግቡ።