ስለ ዕለት ኑሮ ክህሎት ምዘና ጠይቁኝ

ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር የምሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ስለ ምዘናው ጠይቁ፤ ስለ መድኃኒት ግን አልመልስም።

የናቲ እናት፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ያነባል፣ ይደምራል። ቫይንላንድ በሚባለው ምዘና ግን በዕለት ኑሮ ክህሎት 62 አመጣ። ተሳስተው ይሆን?

መልስ፦ ላይሳሳቱ ይችላሉ፣ እህቴ። ጎበዝ አንባቢ ሆነው እዚህ ላይ ዝቅ የሚሉ ልጆች ብዙ ናቸው። የቫይንላንድ የዕለት ኑሮ ክፍል የማንበብ ችሎታን አይፈትንም። ሽንት ቤት ገብቶ ራሱን ያጸዳል ወይ፣ ይለብሳል ወይ፣ መኪና አይቶ ይሻገራል ወይ ብሎ ወላጅን ነው የሚጠይቀው። የዕድሜ እኩዮቹ አማካይ 100 ነው፣ ስለዚህ 62 ዝቅተኛ ነው። ደግሞ የሚለካው «ይችላል» ሳይሆን «ያደርጋል» ነው፦ ለእያንዳንዱ ጥያቄ፣ ያለ እርዳታና ሳያስታውሱት ዘወትር ካደረገ 2፣ አንዳንዴ ከሆነ 1፣ ካላደረገ 0። እባካችሁ ነጥብ አትጨምሩለት! የጨመራችሁት ነጥብ ልጁ ሊያገኝ የሚገባውን እገዛ ይቀንስበታል።

የሳሮን አባት፦ የኔ ልጅ ስንት ማምጣት አለባት?

መልስ፦ ዕድሜዋ ስንት ነው? የትኛው ምዘና? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ሜሪ ከቨርጂኒያ፦ ችግሩ እኛው ነን። ሞግዚቷ ታለብሳለች፣ አያት ታጎርሳለች፣ ልጁ መቼ ይልመድ?

አቤል፦ ማጉረስ ፍቅር ነው። ፈረንጅ ያወጣው መለኪያ ባህላችንን ይዳኝ?

ሜሪ፦ ማን ባህል ነካ? የ8 ዓመት ልጅ ራሱ ይብላ ነው ያልኩት።

መልስ፦ ተዉ እንጂ። አቤል ግማሽ እውነት አለው፤ ነጥቡ የሚወዳደረው ከአሜሪካ ልጆች ጋር ነው። ስለዚህ መዛኙ እንጀራውን ራሱ ይቆርሳል ወይ፣ ወጡን ጠቅልሎ ሳያፈስ ይጎርሳል ወይ ብሎ ይጠይቅ፣ የሰፈሩ እኩዮች ምን እንደሚያደርጉም ይመዝግብ። ሜሪም ልክ ናት። ሁሌ የሚያለብሰው ሰው ያለው ልጅ «አይለብስም» ሲባል አለመቻሉ ይሁን ዕድል ማጣቱ አይታወቅም። ጉርሻው ይቀጥል፣ ግን ራሱ ከበላ በኋላ።

ሄለን፦ ስነግረው ያደርጋል፣ 2 ልስጠው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ከነገርሽው 2 አይሆንም።

አቤል፦ ነጥቡ ከፍ ካለ ኦቲዝም የለበትም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ይህ ምዘና ብቻውን ኦቲዝም አለ ወይም የለም አይልም።

የናቲ እናት፦ ታዲያ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሽንት ቤት። ትምህርት ቤት ስለሚውል ክብሩም ደህንነቱም እዚያ ነው። ሥራውን በትንንሽ ደረጃ ክፈይው፦ ሱሪ ማውረድ፣ መቀመጥ፣ መጥረግ፣ ሱሪ ማንሳት፣ እጅ መታጠብ። መጀመሪያ ሌላውን አንቺ እያገዝሽ የመጨረሻዋን ብቻ ራሱ ይጨርስ። እሷን ሲለምድ ከመጨረሻው በፊት ያለችውን ጨምሪለት። አሁን የሚቸገረው የትኛዋ ላይ ነው?