ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ቀረ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ማርቆስ እህል እነግዳለሁ። ዕድሜዬ 46 ነው። ማን ስንት ኩንታል ሰርገኛ ጤፍ በዱቤ እንደወሰደ፣ ስንት ብር እንደቀረበት ደብተር ሳልገልጥ እናገራለሁ። ባለፈው ግን የእህቴ ልጅ ቅልቅል ላይ ጎረቤቴን ከአማቾቻችን ጋር ላስተዋውቅ ስል ስሟ ጥፍት አለብኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ቡና ጠጥተናል! «እሷ... ጎረቤቴ ናት» ብዬ አለፍኩት። እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ ልጆቿንም ረስታ ነበር። እኔንም ጀመረኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እኔ የሆንኩትን ልንገርዎት። እዚያው ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ የቆየ የሥራ ባልደረባዬን አገኘሁት። ሰላም ተባባልን፣ ልጆቹን በየስማቸው ጠየቅሁት። የራሱ ስም ግን የለም። በ«መ» እንደሚጀምር አውቃለሁ። ረዘም እንደሚልም አውቃለሁ። «መንበሩ» ይመጣብኛል፣ አይደለም እለዋለሁ፣ ተመልሶ ይመጣል። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜም ስታገል ቆየሁና ተውኩት። ከደጀን አልፈን አባይ በረሃን ስንወርድ፣ ስለ ምሳ እያሰብኩ ሳለ «መኳንንት!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «የት አገር መኳንንት?» አሉኝ።

ሮጀር ብራውንና ዴቪድ ማክኒል የሚባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ይህንኑ አጥንተዋል። ብዙ ሰው የማይጠቀምባቸውን ቃላት ፍቺ ለተማሪዎች ያነባሉ። ለምሳሌ መርከበኞች የከዋክብትን ከፍታ የሚለኩበት መሣሪያ ማን ይባላል? ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ የቀረባቸው ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ፊደልና ስንት የድምፅ ክፍል እንዳለው አውቀው ተገኙ። እንግዲህ የጠፋው ነገሩ አይደለም። ሰውየውን፣ ፊቱን፣ ታሪኩን ያውቁታል። ከዚያ ወደ ድምፁ የሚወስደው መንገድ ነው ለጊዜው የተዘጋው። የተሳሳተ ስም መንገዱ ላይ ከተገተረ ደግሞ ባሰ። ትንሽ መተው ይሻላል።

ታዲያ የዱቤው ሒሳብ ለምን አይጠፋም? ብዙ ገመድ ስላለው ነዋ። ጆንያው አለ፣ የገበያው ቀን አለ፣ በዋጋ የተከራከራችሁት አለ፣ ገንዘቡ ደግሞ የእርስዎ ነው! አንዱ ገመድ ቢበጠስ በሌላው ይጎትቱታል። ስም ግን በአንዲት ክር የተንጠለጠለ ነገር ነው። እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ለሰዎች ፎቶ እያሳዩ አንዱን ቃል አንዴ እንደ ስም፣ አንዴ እንደ ሙያ ነገሯቸው። በእንግሊዝኛ «ቤከር» ዳቦ ጋጋሪም ማለት ነው፣ የሰው ስምም ነው። «ዳቦ ጋጋሪ ነው» ሲባል ያስታውሳሉ፤ ያው ቃል «ስሙ ነው» ሲባል ይረሳሉ።

የኛ ስም ትርጉም አለው ይሉኝ ይሆናል። አለው፣ ግን ሰምተን እናልፈዋለን እንጂ አናስብበትም። እኔ ቢቸና ሳድግ ማስረሻ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ከሱ በፊት የተወለደው ወንድሙ ሞቶ ነው እንዲህ ያሉት። ይህን ከነገረኝ ወዲህ ስሙን ረስቼው አላውቅም። ማስረሻን አለመርሳት! ጎረቤትዎን ቡና ይጥሩና ስሟን ማን እንዳወጣላት፣ ለምን እንዳወጣላት ታጫውትዎ። ኩርፊያውም በዚያው ይረግባል።

ስለ እናትዎ ያሉት ግን ቀላል አይደለም። ስም መጥፋት ከዕድሜ ጋር ይጨምራል፣ ያ ብቻውን አያስፈራም። ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው ሌላ ነው፦ የለመዱት መንገድ ሲጠፋ፣ አንዱን ጥያቄ በአንድ ቀን ደጋግሞ መጠየቅ ሲመጣ፣ የለመዱት ሒሳብ ሲምታታ። እርስዎ የሰርገኛውን ዱቤ ደብተር ሳይገልጡ ይናገራሉ። ያ ከተዛባ፣ ወይም ልጆችዎ «እማ፣ ቅድም ነግረሽናል» ማለት ካበዙ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባዮሎጂ አራት ጊዜ እያሰመርኩ አነባለሁ፣ ፈተና ላይ ባዶ እሆናለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ማስመሩን ተው። አራተኛ ጊዜ ስታነብ ገጹ ይለመድሃል፣ አንተ ግን ያወቅኸው ይመስልሃል። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ደጋግመው ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት በለጧቸው። የቆሎ ተማሪ ይህን ያውቀዋል። የኔታ «በል እንግዲህ» ሲሉት መጽሐፉ የተዘጋ ነው፣ የሚለው ከልቡ ነው። አንተም አንድ ርዕስ አንብብ፣ ዝጋ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈው። ያቃተህን ብቻ ተመልሰህ እይ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ እንደገና ሳታይ ጻፈው። መጀመሪያ ላይ ያበሽቃል፣ ግማሹ አይመጣልህም። እሱን ታገሥ።