የካንሰር መድኃኒትን የሚያደርሱ ፖሊፔፕታይድ ናኖ ተሸካሚዎች፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ሥራዬ ከአሚኖ አሲድ በሚሠሩ ረጃጅም ሰንሰለቶች፣ ማለትም በፖሊፔፕታይድ ፖሊመሮች፣ መድኃኒት ማጓጓዝ ስለሆነ ጥያቄዎቻችሁን ለመመለስ ፈቃደኛ ነኝ። አስቀድሜ የማሳስበው በዘርፉ የሚታተመው አብዛኛው ውጤት ከአይጥ የተገኘ መሆኑን ነው፤ የአይጥ ዕጢ በፍጥነት ስለሚያድግ ደም ሥሮቹ ከሰው ዕጢ ይልቅ ያፈስሳሉ።

ጥያቄ፦ እነዚህ ፖሊፔፕታይዶች ከፕሮቲን በምን ይለያሉ?

መልስ፦ የፕሮቲን ቅደም ተከተል በዘረመል የታዘዘ ነው፤ እኛ የምንሠራው ግን በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ዓይነት አሚኖ አሲድ የሚደጋገምበት ሰንሰለት ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱን በሚሴል (ፖሊመሮቹ ተሰባስበው በሚሠሩት ጥቃቅን ኳስ) ውስጥ መክተት ይሻላል ወይስ ከሰንሰለቱ ጋር በኬሚካዊ ትስስር ማያያዝ?

መልስ፦ እኔ ትስስሩን እመርጣለሁ። በሚሴል እምብርት እንዲሁ የተከተተ መድኃኒት፣ በመርፌ የተሰጠው ፈሳሽ በደም ሲቀጥን ሚሴሉ ሊፈርስ ስለሚችል፣ ዕጢው ጋ ሳይደርስ ሊያመልጥ ይችላል። በትስስር የተያዘው ግን የት እንደሚለቀቅ የሚወስነው የትስስሩ ባሕርይ ነው። ሃይድራዞን የተባለው ትስስር በደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7.4 ላይ በአንጻሩ ጸንቶ ይቆይና፣ ሴሉ ከዋጠው በኋላ ፒኤቹ ወደ 5 በሚወርድባቸው ከረጢቶች ውስጥ ይበጠሳል። ዳይሰልፋይድ የተባለው ትስስር የሚበጠሰው ግሉታታዮን ሲያገኘው ነው፤ ይህ ሞለኪውል በሴል ውስጥ ከ1 እስከ 10 ሚሊሞላር ሲደርስ በደም ፈሳሽ ውስጥ ያለው በማይክሮሞላር የሚቆጠር ነው። ፓክሊታክሰል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት በትስስር የያዘው ፓክሊታክሰል ፖሊግሉሜክስ ደግሞ ከክብደቱ 37 በመቶ ገደማ መድኃኒት፣ የተቀረው ፖሊግሉታሚክ አሲድ ሲሆን፣ ካቴፕሲን ቢ የተባለው ኢንዛይም ሰንሰለቱን ሲቆራርጠው ፓክሊታክሰሉ ነፃ ይወጣል። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ሆኖም በሳንባ ካንሰር ላይ በተደረጉት የሦስተኛ ምዕራፍ (በብዙ ሕሙማን ላይ የሚደረጉ) ሙከራዎች የሕሙማኑን ዕድሜ ከማነጻጸሪያው ሕክምና ይበልጥ ማራዘሙ አልታየም። በኢንዛይም የሚመካ ሰው የኢንዛይሙ መጠን ከታማሚ ታማሚ እንደሚለያይ ቀድሞ ሊያስብ ይገባል፤ የቤተ ሙከራ አይጦች ግን መንትያ ያህል ስለሆኑ ይህን ልዩነት አያሳዩም።

አንድ ተሳታፊ፦ ይቅርታ ዶክተር፣ ኤንኬ105 የተባለው ሚሴል ፓክሊታክሰልን የያዘው በመክተት ነው፤ ቢሆንም በጡት ካንሰር እስከ ሦስተኛ ምዕራፍ ደርሷል።

መልስ፦ ደርሷል፤ ከተለመደው ፓክሊታክሰል አለማነሱን ማረጋገጥ ግን አልቻለም። የነርቭ ጉዳቱ መቀነሱን አልክድም፤ ለታማሚ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ ተሳታፊ፦ ተመራማሪዎቹ ማትሱሙራና ማኤዳ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳዩት ትልልቅ ሞለኪውሎች በዕጢ ውስጥ በራሳቸው ስለሚከማቹ፣ የትስስሩ ዓይነት ይህን ያህል ሊያከራክር አይገባም።

ሦስተኛ ተሳታፊ፦ ይከማቻሉ የሚባለው ስንት ሆኖ ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የጥናቶች ግምገማ ዕጢው ጋ የሚደርሰው መካከለኛ መጠን ከተወጋው 0.7 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል።

ሁለተኛው ተሳታፊ፦ ነፃው መድኃኒትስ ስንት ይደርሳል? ማነጻጸሪያ የሌለው ቁጥር ማንንም አያሳምንም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ስለ እንስሳት ጥናት እየተከራከራችሁ መሆኑን አትርሱ፤ ማሳሰቢያዬን ደግሜ አልጽፍም። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ እናቴ የጡት ካንሰር ታማሚ ናት። ይህ ሕክምና ይሆናታል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማራት። ይህን የሚመልሱት የሚከታተሏት ሐኪም ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ፖሊመሩ አልሠራልኝም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ የቱ አሚኖ አሲድ? በምን አሟሚ? በምን ማስጀመሪያ? እነዚህን ሳይነግሩኝ የሚጠይቁኝ ጥንቆላ ነው።

ጥያቄ፦ ፖሊላይሲን ርካሽ ሆኖ ሳለ ለምን አይመረጥም?

መልስ፦ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌቱ የሴል ሽፋንን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ መክተት ይሻላል ወይስ ማያያዝ?

መልስ፦ ከላይ በሰፊው መልሻለሁ፤ እባክዎ ያንብቡት።

ቀደም ሲል ስለ ፖሊመሩ የጠየቁት ተሳታፊ፦ ዝርዝሩን ባለመስጠቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የቤንዚል ግሉታሜት ኤን-ካርቦክሲ አንሃይድራይድን (የሰንሰለቱን መነሻ ውህድ) ዲኤምኤፍ በተባለው አሟሚ አሟሙቼ በሄክሲላሚን አስጀመርሁት። 100 አሃድ ያለው ሰንሰለት ስጠብቅ የተገኘው ግማሽ ያህል ነው።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። አሃዱንና ማስጀመሪያውን በትክክል መዝነው ከሆነ፣ ሰንሰለቶቹ ያጠሩት እርስዎ ካላስቀመጡት ማስጀመሪያ የተነሡ ሌሎች ሰንሰለቶች ስለተጨመሩ ሊሆን ይችላል። ዲኤምኤፍ በጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ ዳይሜቲላሚን ይለቅቃል፤ ይህ አሚን ደግሞ ልክ እንደ ሄክሲላሚኑ ሰንሰለት ያስጀምራል። እርጥበትም አንሃይድራይዱን ስለሚያበላሽ ጥርጣሬው ከእርሱም አይርቅም። ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ንጽሕና ብቻ እንዳይመስልዎ፦ ርዝመታቸው የተዘበራረቀ ሰንሰለቶች የሚሸከሙት መድኃኒት እኩል አይሆንም፤ በጣም ያጠሩትም ዕጢው ጋ ሳይደርሱ በኩላሊት ተጣርተው ይወጣሉ። አንሃይድራይዱን በትራይፎስጂን የሚሠሩት እርስዎ ራስዎ ከሆኑ ትራይፎስጂኑን ከጋዝ መሳቢያው ውጭ በፍጹም አይክፈቱት፤ ሲፈርስ የሚወጣው ፎስጂን ገዳይ ነው። አሁን ፖሊመሩን በማልዲ (የሞለኪውልን ክብደት በሚለካ መሣሪያ) ያስመርምሩትና በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለውን ይዩ፤ ከሄክሲላሚን ጎን ዳይሜቲላሚን ካገኙ ያን ጠርሙስ ያስወግዱት፣ በአዲስ ደረቅ አሟሚም ይድገሙት።